ሳፋሪ ልትሄዱ ነው? ማራ፣ ሴሬንጌቲ፣ ክሩገር ወይስ ባሌ፤ ከመክፈላችሁ በፊት

«አንበሳ እናያለን?»

ሳፋሪ ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። አዎ፣ ታያላችሁ። ኬንያ ውስጥ ማሳይ ማራን ሁለት ሙሉ ቀን ዞሮ አንበሳ ሳያይ የተመለሰ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ዋናው ነገር እንዴት ታያላችሁ የሚለው ነው።

20 መኪና ተኮልኩሎ፣ ናፍጣ እየሸተተ፣ ከፊት ባለው ሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ ማየት አለ። ደግሞ ሞተር ጠፍቶ፣ አንዲት እናት አንበሳ ግልገሎቿን ስታጠባ የመጥባቱ ድምፅ እስኪሰማ ዝም ብሎ ማየት አለ። ቦታው አንድ ሊሆን ይችላል። አውሬውም ያው ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ስትከፍሉ ያልጠየቃችሁት ነገር ነው።

ብዙ ሰው የሚያወዳድረው አገርን ነው። «ኬንያ ይሻላል ታንዛኒያ?» ይላል። እኔ አስቀድሜ የማወዳድረው ሌላ ነው። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ሳር ውስጥ መግባት ይፈቀድለታል ወይ? በስንት ሰዓት ይወጣል? አንድ እንስሳ ዘንድ ስንት መኪና ይቆማል? ከጨለመስ መንዳት ይቻላል? የነዚህ መልስ በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ወንዝ በተሻገራችሁ ቁጥር ይለያያል።

ሁለት ጠዋት በማራ

መጀመሪያ ማራ የሄድኩት በርካሽ የቡድን ጉዞ ነው። ሰባት ሆነን በአንድ ሚኒባስ። ቁርስ 1 ሰዓት ላይ ነው ተባልን። ከካምፑ ስንወጣ 2 ሰዓት ተኩል ሆነ። ፀሐዩ ከረር ብሏል። የሹፌራችን ጆሮ ሹፌሮች የሚነጋገሩበት ሬዲዮ ላይ ነው። ሬዲዮው በተንጫጫ ቁጥር መሪውን ጠምዝዞ ይበራል። የትም ብንደርስ ሌሎች ቀድመውናል። አንዴ ለአቦሸማኔ 40 ደቂቃ ነድተን ስንደርስ የጠበቀን የተረገጠ ሳርና የመኪና ሰልፍ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት ይሄን ነው። አንበሳ አይተናል፤ ቁጥቋጦ ሥር ተጋድሞ፣ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል። አንበሳ ከቀኑ 24 ሰዓት እስከ 20 ሰዓት ድረስ ሊተኛ ይችላል። ረፋድ ላይ የሚወጣ ሰው የሚያየው እንቅልፉን ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ከማራ ጥብቅ ክልል ጋር ከሚዋሰኑት የማሳዮች መሬቶች በአንዱ ላይ አረፍኩ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ቡናችንን በፔርሙስ ይዘን መኪና ውስጥ ነን። ጋቢዬን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጌያለሁ። አስጎብኚያችን እዚያው ተወልዶ ያደገ ማሳይ ነው። ሩብ ሰዓት እንደነዳ ሞተሩን ድንገት አጠፋ። ዙሪያችንን ብናይ ምንም የለም። ኩይሳ ላይ አንድ ቶፒ ቆሟል፤ ያው የኛ ቆርኬ ዘመድ።

«እሱን ተዉት፣ እሱ የሚያየውን እዩ» አለን።

ቶፒው አይግጥም። ጆሮውን ቀስሮ፣ አንገቱን ሳያንቀሳቅስ ወደ አንድ አቅጣጫ አፍጥጧል። ቆየት ብሎ እንደ ማስነጠስ ያለ ድምፅ አሰማ። እኛም ከመንገዱ ወጥተን ወደዚያው ቀስ ብለን ሄድን። ሴት አቦሸማኔ ከሁለት ልጆቿ ጋር ሳሩ ውስጥ ተቀምጣለች። ጤዛው ደረቷን አርሶታል። አንደኛው ልጅ ጭራዋን እየነከሰ ይጫወታል። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየን። ሌላ መኪና አልመጣም።

ሁለቱ ጠዋቶች በአየር ርቀት ቢለካ 30 ኪሎ ሜትር አይራራቁም።

ማራን በሁለት ከፍላችሁ እዩት

ማሳይ ማራ ብሔራዊ ጥብቅ ክልል ስፋቱ 1,510 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የናሮክ ካውንቲ ነው። እዚያ ውስጥ ከመንገድ መውጣት ክልክል ነው። በር የሚከፈተው ጠዋት 12 ሰዓት፣ የሚዘጋው ማታ 12 ሰዓት ነው። የሌሊት ጉዞ የለም። አንድ እንስሳ ዘንድ ከአምስት መኪና በላይ እንዳይቆም፣ ከ25 ሜትርም እንዳይቀርብ ደንብ አለ። ችግሩ ደንቡ ሰው በሚበዛበት ወቅት ብዙ ጊዜ ይጣሳል። ከማራ ወንዝ ምዕራብ ያለው ማራ ትሪያንግል የሚባለው ክፍል ለብቻው የሚተዳደር ሲሆን፣ ደንቡ ጠበቅ ይላል፣ መኪናውም ይቀንሳል። በጀታችሁ ጥብቅ ክልሉን ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ሁለተኛው አማራጭ በዙሪያው ያሉት ኮንሰርቫንሲዎች ናቸው። ናቦይሾ፣ ኦላሬ ሞቶሮጊና ማራ ኖርዝ ይጠቀሳሉ። መሬቱ የማሳይ ቤተሰቦች ነው። ለካምፖቹ ያከራዩታል፤ በየወሩም ኪራይ ይቀበላሉ። ስለዚህ አንበሳው በሕይወት መኖሩ ለነሱ ቀጥተኛ ገቢ ነው። የእንግዳው ቁጥር የተወሰነ ነው። አስጎብኚው ሳር ውስጥ መግባት ይችላል። ማታም በመብራት መዞር፣ በእግር መሄድም ይቻላል። ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዊልደቢስት፣ ያ በመንጋ የሚጓዘው የቆርኬ ዘመድ፣ ወንዝ ሲሻገር የሚታየው ጥብቅ ክልሉ ውስጥ ነው። ኮንሰርቫንሲ ያረፈ ሰው እሱን ለማየት ሲገባ የመግቢያውን ለብቻ ይከፍላል።

መግቢያው እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ለውጭ አገር አዋቂ ጎብኚ ከጃንዋሪ እስከ ጁን 100 ዶላር፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 200 ዶላር ሆኗል። በነፍስ ወከፍ፣ ለ12 ሰዓት ነው። ካምፑ፣ መኪናው፣ ምግቡ ሌላ ነው። ስለዚህ «ሁሉንም ያካተተ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ የመግቢያው ክፍያ ውስጡ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማህበረሰብ አባል አይደለችም። የአባል አገር ዜጋ የሚከፍለውን ዋጋ አይታችሁ በጀት እንዳታወጡ።

እኔን ብትጠይቁኝ ሦስት ሌሊት ካላችሁ ሦስቱንም ኮንሰርቫንሲ አድርጉትና አንዱን ቀን ሙሉ ወደ ጥብቅ ክልሉ ግቡ። ገንዘቡ ካልበቃ ሦስቱን ወደ ሁለት አሳጥሩት እንጂ ጥራቱን አትቀንሱ። ሁለት ጥሩ ጠዋት ከአምስት የተሯሯጠ ቀን ይበልጣል።

ሴሬንጌቲና ንጎሮንጎሮ

የታንዛኒያው ሴሬንጌቲ 14,763 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከማራ ጥብቅ ክልል አሥር እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ስሙ በማሳይ ቋንቋ ማለቂያ የሌለው ሜዳ ማለት ነው ይባላል። ደቡቡ ላይ ስትቆሙ ይገባችኋል። ሰማዩና ሳሩ ብቻ ናቸው። አልፎ አልፎ ከሜዳው የጥቁር ድንጋይ ኮረብታ ብቅ ይላል፤ እዚያ ላይ አንበሶች ፀሐይ ይሞቃሉ።

ማራና ሴሬንጌቲ ድንበር ይለያቸው እንጂ መሬቱ አንድ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዊልደቢስትና በመቶ ሺህ የሚቆጠር የሜዳ አህያ ዝናቡን እየተከተለ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል። ስለዚህ «የት?» ከማለታችሁ በፊት «መቼ?» በሉ። ከጥር እስከ የካቲት መንጋው ደቡብ ሴሬንጌቲና አጠገቡ ያለው ንዱቱ ላይ ነው። ይወልዳል። አብዛኛው ጥጃ የሚወለደው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነው። የተወለደው ጥጃ በደቂቃዎች ውስጥ ቆሞ ይሮጣል። ጅቡ፣ አንበሳው፣ አቦሸማኔው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ደግሞ መንጋው ወደ ሰሜን ወጥቶ የማራን ወንዝ ይሻገራል። ይሄኛው ከኛ የክረምት ትምህርት ቤት ዕረፍት ጋር ይገጥማል። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ሌላ ወቅት መምረጥ ስለሚከብድ፣ ክረምት ላይ የምትሄዱ ከሆነ ማራ ወይም ሰሜን ሴሬንጌቲ ነው። የካቲት ላይ ማራ ሄዶ ወንዝ መሻገር እጠብቃለሁ የሚል ሰው ካለ ግን መልሱት።

ስለ መሻገሩ አንድ እውነት ልንገራችሁ። ቀጠሮ የለውም። መንጋው ገደሉ አፍ ላይ ይደርሳል። ከኋላ ያለው ይገፋል፣ ከፊት ያለው ያፈገፍጋል። አንዱ ውሃውን ሊነካ ጎንበስ ሲል ሁሉም ልቡ ይሰቀላል። ከዚያ አንድ የሜዳ አህያ ይደነግጥና ሁሉም አቧራውን አጭሶ ይመለሳል። ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲህ አይቼ ሳይሻገሩ መሽቶብኛል። በማግስቱ ሌሎች አዩት። ሦስት ቀን ከሌላችሁ መሻገሩን ዋና ዓላማ አታድርጉት።

ወደ ሴሬንጌቲ የሚሄደው መንገድ ብዙ ጊዜ በንጎሮንጎሮ ያልፋል። የጥንት እሳተ ገሞራ ተንዶ የተፈጠረ ግዙፍ ጎድጓዳ ነው። ጥልቀቱ 600 ሜትር ገደማ፣ ወለሉ ወደ 260 ካሬ ኪሎ ሜትር። አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ጥቁር አውራሪስ የማየት ዕድል ያለበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በሩቅ፣ ባይኖኩላር ይዞ። ዝሆኖቹ በአብዛኛው ጥርሳቸው የረዘመ ሽማግሌ ወንዶች ናቸው። ቀጭኔ ግን ወለሉ ላይ የለም። ልጆቻችሁ ቀጭኔ ከጠበቁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ሴሬንጌቲ ላይ ሞልቷል። ጉድለቱ ሁሉም መኪና አንድ ሜዳ ውስጥ መሆኑ ነው። ለመውረድ ለመኪናው 250 ዶላርና ታክስ ይከፈላል፤ ይሄ ከመግቢያው ሌላ ነው። አራት ሆናችሁ ስትካፈሉትና ሁለት ሆናችሁ ስትከፍሉት በጣም ይለያያል። ጠርዙ ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ጠዋት ይበርዳል።

ክሩገር፤ ራሳችሁ የምትነዱበት

ደቡብ አፍሪካ ሌላ ዓለም ነው። ክሩገር ወደ 20 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ብሔራዊ ፓርክ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። አስፋልት አለው። ተራ የኪራይ አውቶሞቢል ይዛችሁ፣ አስፋልቱ ላይ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ሳታልፉ ራሳችሁ መዞር ትችላላችሁ። የሚነዳው በግራ መሆኑን አትርሱ። ስኩኩዛን፣ ሎወር ሳቢንና ሳታራን የመሰሉ የፓርኩ ካምፖች ውስጥ አድራችሁ ምግባችሁን ራሳችሁ ታበስላላችሁ። ገንዘብ ለመቆጠብ ይሄ ከሁሉም ይሻላል።

ግን አንድ ነገር ይጎድላል። ራሱን የሚነዳ ሰው ዓይኑ መንገድ ላይ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየነዱ ቅርንጫፍ ላይ የተኛ ነብር ማየት የማይታሰብ ነው። የካምፑ በር ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ መውጣት የሚችለው የፓርኩ መኪና ብቻ ነው። ስለዚህ ክሩገር ለሚሄድ ሁሉ የምመክረው አንድ ነው። ቀን ራሳችሁ ንዱ፤ ቢያንስ አንድ ማታ ግን የፓርኩን የምሽት ጉዞ ያዙ። ክፍት መኪና ነው። ግራና ቀኝ በመብራት ይፈተሻል። ጥርኝ ያየሁት እዚያ ነው። በኛ አገር ዝባዱን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ እንስሳዋን በዓይኑ ያየ ግን ስንት ሰው አለ? መብራቱ ሲያርፍባት መንገዱ መሃል ቆመች። ጀርባዋ ላይ ያለው ጠጉር ተነሳ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ አሽትታ አለፈች።

ገንዘብ ካለ ደግሞ ከክሩገር ምዕራብ የግል ይዞታዎች አሉ። ዋናው ሳቢ ሳንድ ነው። በሱና በክሩገር መካከል የነበረው አጥር እ.ኤ.አ. በ1993 ተነስቷል። እንስሳው ይወጣል ይገባል። ሰዉ ግን የተወሰነ ነው። ከመኪናው ፊት ለፊት፣ ሞተሩ ላይ በተተከለ ወንበር፣ ዱካ አንባቢ ይቀመጣል። አሸዋ ላይ ያለን ዱካ አይቶ የዛሬ ይሁን የትናንት ይለያል። ነብር ከተገኘ መኪናው ቁጥቋጦውን ሰንጥቆ ይከተላል። ከሁለት ወይም ከሦስት መኪና በላይ አይቆምም። እዚያ ያሉ ነብሮች ለብዙ ዘመን መኪና ስለለመዱ ቀና ብለው እንኳ አያዩም። ነብር ዋናው ህልማችሁ ከሆነ ሌላ ቦታ አትድከሙ። አዳራችሁ ግን ውድ ነው፤ ብዙዎቹ ሎጆች ደግሞ ትንንሽ ሕፃናትን ክፍት መኪና ላይ አያወጡም። ዕድሜ ስንት እንደሚሉ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ወቅቱ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። የነሱ ክረምት ደረቅ ነው። ሳሩ ይሳሳል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ እንስሳው ወደ ውሃ ይመጣል። በነሱ በጋ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ ያምራል፣ ግን ሁለት ሜትር ርቆ የቆመ ዝሆን ሊያመልጣችሁ ይችላል። አውራሪስ ስታዩም አትደንግጡ፤ ብዙዎቹ ከሕገ ወጥ አዳኝ እንዲተርፉ ቀንዳቸው ተቆርጧል። ሳየው ልቤ አዘነ። በሕይወት መቆሙን ሳስብ ደግሞ ተጽናናሁ።

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ

ናይሮቢ ለሥራ ለሚሄድ ወይም ትራንዚት ለሚያድር ሰው፣ ከተማዋ ጥግ ላይ ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አለ። 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። አንበሳ፣ ጎሽ፣ ቀጭኔ፣ ጥቁር አውራሪስ ከኋላቸው ፎቅ እየታየ። ዝሆን የለም። ጠዋት 12 ሰዓት ገብታችሁ ረፋድ ላይ ከተማ ናችሁ። አውራሪስ ለማየት ከማራ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

ዝሆን ለሚወድ አምቦሴሊ ነው። 392 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኖ፣ ከኋላው 5,895 ሜትር የሚረዝመው ኪሊማንጃሮ ይታያል። ተራራው ታንዛኒያ ውስጥ ነው፣ አምቦሴሊ ኬንያ። ጠዋት በማለዳ ካልሆነ ደመና ይሸፍነዋል። የአምቦሴሊ ዝሆኖች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በተመራማሪዎች ሲጠኑ ስለኖሩ ጥሩ አስጎብኚ የትኛዋ የማን ልጅ እንደሆነች ይነግራችኋል።

ነብርና አቦሸማኔ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በኛ ቋንቋ ሁለቱንም ነብር የሚል ሰው ብዙ ነው። አስጎብኚውም ከናንተ ጋር ላይግባባ ይችላል። አቦሸማኔ ፊቱ ላይ ከዓይኑ እስከ አፉ የወረደ ጥቁር መስመር አለው፤ እንባ የወረደበት ይመስላል። ነጠብጣቡ ድፍን ነው። እግሩ ረጅም፣ ወገቡ ቀጭን። የነብር ነጠብጣብ ግን እንደ ቀለበት ክብ ሠርቶ የተሰበሰበ ነው። አንገቱ ወፍራም፣ ትከሻው ደልዳላ። አቦሸማኔ የሚያድነው ቀን ነው፣ ሜዳ ላይ። ስለዚህ ማራና ሴሬንጌቲ። ነብር ማታ ነው፣ ወንዝ ዳር ባለ ዛፍ። ስለዚህ የምሽት ጉዞ የሚፈቀድበት።

አቦሸማኔ መኪና ሲከባት ትቸገራለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የማራ ጥናት፣ ጎብኚ በሚበዛበት አካባቢ ያሉ እናቶች በአማካይ አንድ ልጅ እንኳ ለማሳደግ እንደማይበቁ፣ ጎብኚ በሚያንስበት ያሉት ግን ከሁለት በላይ እንደሚያሳድጉ አሳይቷል። ስለዚህ ሹፌሩን «ጠጋ በል፣ ጠጋ በል» አትበሉት። ጉርሻ አጣለሁ ብሎ እየፈራ የሚጠጋው በኛ ምክንያት ነው። «እዚህ ይበቃናል» የሚል ጎብኚ ሲያገኝ ፊቱ ሲፈካ አይቻለሁ።

ለድርጅቱ የምትጽፉት

ከመክፈላችሁ በፊት በዋትስአፕ ይሄን ጠይቁ። መኪናው ላንድክሩዘር ነው ሚኒባስ? ጣሪያው ይነሳል? ስንት ሰው ይጭናል፣ እያንዳንዱ ሰውስ መስኮት ዳር ይቀመጣል? ለኛ ብቻ ነው ወይስ ከሌላ ጋር? ዋጋ ሲቀንስ የሚቀነሰው እዚሁ ላይ ነው። የማታውቁት ሰው ሞቀኝ ብሎ ልመለስ ሲል እናንተም ትመለሳላችሁ። ከዚያ ደግሞ ጠዋት በስንት ሰዓት እንደምትወጡ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ አድርጉ። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ነው። ሹፌሩ በስዋሂሊ 12 ካላችሁ 12 ነው፣ በእንግሊዝኛ 6 ካላችሁም ያው 12 ነው። ከ12 ሰዓት በኋላ ነው የምንነሳው ካሏችሁ ቁርሱን በሳጥን እንያዝ በሉ። እንቢ ካሉ ሌላ ድርጅት ፈልጉ።

ስለ አስጎብኚውም ጠይቁ። ኬንያ ውስጥ የአስጎብኚዎች ማህበር ፈትኖ ነሐስ፣ ብርና ወርቅ የሚል ደረጃ ይሰጣል። ብር ያለው ሰው ከተመደበላችሁ ጥሩ ነው። ከተራ መኪና ጋር ጥሩ አስጎብኚ፣ ከምርጥ መኪና ጋር ደካማ አስጎብኚ ቢቀርብልኝ ሳላመነታ የመጀመሪያውን እወስዳለሁ።

የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ያዙ፤ ከኢትዮጵያ ስትሄዱ ታንዛኒያም ደቡብ አፍሪካም ይጠይቃሉ። የወባ መድኃኒት ሐኪም አማክሩ። ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ አትልበሱ፤ የቆላ ዝንብ ይስባል። ከብት የሚያረባ ቤተሰብ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ገንዲ የሚያመጣው ያው ነው። ጋቢ ግን ይጠቅማል፤ ገና ሳይነጋ ክፍት መኪና ላይ ከሎጁ ብርድ ልብስ ይሻላል።

ፓስፖርት የማይጠይቀው

ባሌን ከነዚህ ጋር ማወዳደሬ የሚገርማችሁ ይኖራል። ብዛት ለሚፈልግ ባሌ አይሆንም። አንድ ጠዋት ላይ አምስት ዓይነት አዳኝ አውሬ አታዩም። ግን ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። በዓለም ላይ ከ500 በታች ቀርተዋል፤ ሁሉም እዚሁ አገራችን ውስጥ፣ ከግማሽ በላይ የሆኑት ባሌ ላይ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ቢሮ ያለባት ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ዲንሾ ላይ በእግራችሁ እየሄዳችሁ የደጋ አጋዘን፣ ድኩላና ከርከሮ በቅርብ ታያላችሁ። ከጎባ ወደ ሳነቲ አምባ ስትወጡ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ።

እዚህ የጠዋቱ ሕግ ይገለበጣል። ቀይ ቀበሮ የምታድነው ቀን ነው፤ ምክንያቱም ምግቧ ፍልፈልና አይጥ ነው። እነሱ ደግሞ ውርጩ ሳይለቅ ብዙም አይወጡም። እኔ 12 ሰዓት ላይ ወጥቼ እጄ ሲደነዝዝ ሦስት ሰዓት ያህል ምንም አላየሁም። ፀሐይ መሬቱን ሞቅ ስታደርገው ግን አምባው ተንቀሳቀሰ።

አስጎብኚያችን መኪናውን ዳር አስይዞ ወደ አንድ ጉድጓድ ጠቆመን። ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ ቆማለች። «ወፏ ካለች ፍልፈሉ አለ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ፍልፈሉ እስከ ወገቡ ብቅ ብሎ ሳር መጎተት ጀመረ። ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው። ቀበሮዋን ያየናት ከዚያ በኋላ ነው። ሆዷን መሬት አስነክታ፣ ጆሮዋን ወደፊት ቀስራ፣ ሦስት እርምጃ ትሄድና ትቆማለች። ወፏ ጮኸች። ፍልፈሉ ገባ። ቀበሮዋ ጉድጓዱ ዳር ተጋድማ ጠበቀች፤ ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት። እኛም ጠበቅን። አልወጣም። ተነስታ ጀርባዋን አራገፈችና ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ሄደች።